ሾላው ያለበት ጎን

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ጠዋት 2፡30

ሸሚዝ ለመልበስ ሩብ ሰዓት። ግራ ትከሻዬ ዛሬም አልታዘዝ ብሏል። ወጌሻው ገና ሦስት ሳምንት ይላል። ዕድሜ ልክ ቢለኝ ይሻል ነበር፤ ቁርጤን ዐውቄ እቀመጣለሁ።

ማርታ ጎማ ጀልባውን አጣጥፋ ከቀዘፋ ጓደኛችን ከዳዊት ጋር ሄደች። በእኔ ቦታ እህቴ! መቅዘፊያውም የእኔ። የጀማን ወንዝ ከላይ እስከ ድልድዩ፣ ሦስት ቀን በገደል መሀል። ነገ ውሃ ይገባሉ። ቅናት ነው ደብተሬ፣ አንተን አልዋሽህም። እማዬን ግን ዋሸናት፤ ማርታ ለሥራ ደብረ ብርሃን ናት ብለን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እያለች ያሳደገችንን ሴት ሌላ ምን እንበላት?

ሐሙስ፣ 13። ከሰዓት

ሁለት ማኪያቶ። ከፊቴ የፈረሰው ሰፈር፣ አቧራ። ፒያሳ ተቀምጦ ወንዝ ማሰብ ቅጣት ነው።

ጠዋት ከመግባታቸው በፊት ደወለች። እየሳቀች። መንገዱን የጻፍኩልሽን ወረቀት ይዘሻል ወይ አልኳት፤ በላስቲክ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ አድርጋዋለች። ወንዙ የሚጠብበትን ቦታ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ባለፈው ወር፣ በእግር። ቤት የሚያህል ድንጋይ ወንዙን ለሁለት ይከፍለዋል። በአንዱ በኩል ይታለፋል። በሌላው ውሃው ከገደሉ ሥር ይገባል፤ የገባ አይወጣም። ከድንጋዩ በፊት ያለውን አሸዋማ ዳር ካለፉ በኋላ ከጀልባ ወጥቶ ማየት የለም፣ ሁለቱም በኩል ግድግዳ ነው። በትልቁ ጻፍኩላት፦ ድንጋዩን ስታዩ ወደ ግራ። ቅዳሜ እኩለ ቀን ይደርሳሉ። እስከዚያ ኔትወርክ የለም።

ዓርብ፣ 14። ጠዋት 1፡10

ሥራ ፈትቼ የመስከረሙን ገጽ ገለጥኩ። እንዲህ ይላል፦ «ከድልድዩ በአፋፉ ሽቅብ፣ የ6 ሰዓት መንገድ። ውሃው ፊት ለፊቴ እየመጣ ነው። ድንጋዩ ታየ። ደህናው በግራ፣ ሾላው ያለበት ጎን።»

ፊት ለፊቴ እየመጣ።

ደብተሬ፣ ሽቅብ እየሄድኩ ነው የጻፍኩት! የእኔ ግራ ለሚወርድ ሰው ቀኝ ነው። ቀዛፊ ግራና ቀኝ የሚለው ፊቱን ወደሚወርድበት አዙሮ ነው፤ ስንቱን ጀማሪ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ወድቄ፣ ትከሻዬ ወልቆ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ፊቴን ሳላዞር ጻፍኩ። ሳላስብ ወረቀቷ ላይ ገለበጥኩላት። በገዛ እጄ ወደ ገደሉ ሥር ላክኋት።

1፡40

ስልኳ ዝግ። የዳዊትም። ዝግ። ዝግ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል፤ ይህ ግን ገና አልፈሰሰም። አንድ ቀን አለኝ።

ሰው ልላክ? ማንን? መንገዱን ከእኔ ሌላ የሚያውቀው የለም። ከአዲሱ ገበያ ድልድዩ ድረስ በመኪና 4 ሰዓት፣ ከዚያ በእግር 6። በደህና ትከሻ። ዛሬ ካልተነሳሁ አለቀ። አምላኬ፣ ያቺን ልጅ።

2፡20

እማዬ ከቅ/ጊዮርጊስ መጣች። ፊቴን አይታ ማን ሞተ አለችኝ። ነገርኳት፤ ደብረ ብርሃኑንም፣ ወረቀቱንም፣ ግራውንም። ትጮኻለች ብዬ ነበር። ማሪኝ ልል አፌን ስከፍት ነጠላዋን አውልቃ ክንዴን ከደረቴ ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረችው።

«እሷን ይዘህልኝ ስትመጣ እንጣላለን» አለች።

አሁን ጎንበስ ብላ የጫማዬን ክር እያሰረች ነው፣ በሰባ ዓመቷ። እስክትጨርስ ነው የምጽፈው። ደብተሬ፣ አንተ እዚህ ትቀራለህ። አፋፉ ላይ ቆሜ ምን ብዬ እንደምጮህ ግን ልጻፈው፣ ዳግም እንዳልሳሳት። ግራም ቀኝም አልልም። ሾላው! ወደ ሾላው! ማርታ፣ ወደ ሾ