ድርግም የሚለው ኮምፒውተር

ኅዳር 8፣ ሰኞ ጠዋት

ዛሬም ድርግም አለ። የ8ኛ ክ. ሒሳብ ፈተና ሙሉ ገጽ ጽፌ፣ ሴቭ ላደርግ ስል ጨለማ። ደብተሬ፣ አንቺ ባትኖሪ ለማን እሳደብ ነበር?

ር/መምህሩ ጋሼ ደምሴ ከቢሮው ብቅ አለ። የእኔን የጸሐፊዋን ክፍል ከእሱ የሚለየው የችፑድ ግድግዳ ነው፤ ትንፋሼ ሳይቀር ይሰማዋል። ዘፈን ስጭንበት ቫይረስ ገብቶበት ነው ይላል። ዘፈን! ከፈተናና ከደብዳቤ ሌላ ምን አለበት?

ማክሰኞ

ባለሙያ ከጎንደር መጣ። ሚሞሪውን ነቅሎ ጫፉን በላጲስ ፈተገ፣ የማራገቢያውን አቧራ ጠረገ። ሠራ። እስከ ማታ አንዴም አልጠፋ። ጋሼ ዳባት ስብሰባ ላይ ስለነበር ቢሮውም ሰላም ነበር።

ረቡዕ

ውርጭ። ደባርቅ እንዲህ ስትሆን ጣት አይታዘዝም። ጋሼ ገባ፣ እኔም ከፈትኩ፣ ድርግም። ባለሙያው ፓወር ሰፕላይ ቀየረ። ድርግም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እቃውን ሰብስቦ ሄደ።

ጋሼ በመምህራን ፊት፣ ሥራ ጠልታ ሆን ብላ ታጠፋዋለች አለ። እስከ ዓርብ ፈተናው ካልደረሰ ከቦታዬ ያነሳኛል፤ የእህቱ ልጅ ትተካኛለች። ኮምፒውተር ተምራለች አሉ። ገባኝ! ሰው በሌለበት እየገባ የሚያበላሸው ራሱ ነው። ስበላም ስተኛም ጠላሁት።

ሐሙስ፣ ጠዋት 4 ሰ.

ልይዘው በማለዳ ገባሁ። እሱ የለም፣ ማሽኑ ደህና ይሠራል። አንድ ፈተና ጨርሼ ፍላሽ ላይ ያዝኩ። ጋሼ መጥቶ ቢሮው ገባ። ጥቂት ቆየ፣ ድርግም። ኮምፒውተሩ አጠገብ ግን አልደረሰም!

ደብዳቤ ላስፈርም ገባሁ። ሙቀት ፊቴን መታኝ። ከጠረጴዛው ሥር የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቀልቷል። ገመዱን በዓይኔ ተከተልኩ፤ ግድግዳውን በስቶ ወደ እኔ ክፍል ያልፋል። ተመልሼ የፋይል መደርደሪያውን ገፋሁ። እሱም ኮምፒውተሬም አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተዋል። ስፒናው ጠቁሯል፣ ፕላስቲኩ ቀልጧል። ማሞቂያው ሲበራ የኮምፒውተሬ መብራት ይቋረጣል።

እልል ማለት አማረኝ። ሆን ብሎ ነው ማለቴ ስህተት ነበር። የቀረውን ጥላቻዬን ግን አልመልስም።

ሐሙስ ማታ

ጋሼ ማሞቂያውን አጥፍቶ ምሳ ወጣ፤ እስኪመለስ የቀረውን ፈተና ጨረስኩ። ሁሉም ፍላሽ ላይ ነው።

ለሒሳብ መምህሯ ነገርኳት። ለብቻው ንገሪው፣ አለቃ ነው፣ አታዋርጂው አለችኝ። እኔን ለብቻዬ ነው የሰደበኝ?

ነገ ጠዋት መምህራን ሁሉ ጋሼ ቢሮ ይሰበሰባሉ። የእህቱ ልጅም ትመጣለች። የመካከላችንን በር ገርበብ አላደርገውም፣ ወለል ነው የማደርገው። ኮምፒውተሩን ከፍቼ፣ ስክሪኑን ወደነሱ አዞራለሁ። ከዚያ እንደ ጨዋ ልጅ ጎንበስ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ብርድ ነው፤ ማሞቂያዎን አያበሩም?» እለዋለሁ።