በሩ ላይ የገጠምኩት

ጥቅምት 4
ከማተሚያ ቤት ስወጣ ዓይኔ ዝሎ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ማረም... ታናሽ እህቴ «ለራስሽ የምትይው አንድ ነገር ያዢ እንጂ» ካለችኝ ወዲህ ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ማይክሮኮንትሮለር የሚሏትን፣ የክብሪት ቀፎ የምታህል በኮድ የምትታዘዝ ሰሌዳ፣ ሽቦ፣ ትንንሽ መብራቶች ገዛሁ።
«ምን ልትሠሪባት ነው?» አለኝ ሻጩ።
እንጃ አልኩት።
«ቶሎ ምረጪ። አለዚያ መሳቢያ ውስጥ ነው የምትቀረው።»

ጥቅምት 6
ሰዓት ልሥራ? ቤቱ ሰዓት ሞልቶታል። አበባ የምታጠጣ? አበባ የለኝ። የክፍሉን ሙቀት የምትናገር... ሲበርደኝ አላውቅም እንዴ?
ለጊዜው ቀይዋን መብራት ብልጭ ድርግም አስደረግኳት። እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ አየቻት። «ምን ፈልጋ ነው የምትጠቅሰኝ?» የሳቅነው ሳቅ... አብረን ከሳቅን ስንት ጊዜያችን ነው?

ጥቅምት 13
እማዬ ጠፍታ ዋለች። ልብስ አስጥቼ ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። የሰፈራችን ጋራዥ ዘበኛ እጇን ይዞ አመጣት። አንድ እግሯ ላይ የእኔ ጫማ፣ ሌላው ላይ የእሷ።
«ልጄን ልቀበል ወጥቼ ነው።»
ወንድሜን ነው። ከቀበርነው ዘጠኝ ዓመቱ።
የምሠራው ታወቀ። ምርጫም የለ።

ጥቅምት 20
አለቀ። ማግኔቱ በሩ ላይ፣ የበሩን መከፈት የሚለየው ሴንሰር መቃኑ ላይ። በሩ ሲከፈት ይጮሃል። ጣቴን ተቃጠልኩ፤ ሽቦ ገልብጬ አንዷን መብራት ገደልኳት። ግን ይጮሃል። ለእህቴ በስልክ አሰማኋት። «አንቺ፣ መሐንዲስ ወጣሽ እኮ።»
እንቅልፍ ሊወስደኝ ነው ማለት ነው...

ጥቅምት 24
እህቴ ስትገባ ጮኸ። እማዬ ከወንበሯ ተነስታ ፀጉሯን በእጇ አስተካከለች። «መጣ?»
እህቴ ናት አልኳት። ተቀመጠች።
የቧንቧ ሠራተኛው ሲገባ፣ «መጣ?» እኔ ቆሻሻ ጥዬ ስመለስ፣ «መጣ?»

ኅዳር 2
ዛሬ ትዕግሥቴ አለቀ። «ሞቷል እኮ፣ እማዬ» አልኳት። እንደ አዲስ መርዶ አለቀሰች። ምሳ ሳይደርስ ረሳችው። በሩ ጮኸ። «መጣ?»
እህቴ ተቆጣች። «ምን በወጣት በየቀኑ መርዶ ትሰማለች?»
እውነቷን ነው። ምን ላድርግ ታዲያ?

ኅዳር 3
ጩኸቱን ነቀልኩት። በሩ ሲከፈት ኩሽና ውስጥ መብራት ትበራለች፣ እኔ ብቻ የማያት። ቤቱ ጸጥ አለ። እማዬም አረፈች።
ልክ ነኝ?

ኅዳር 11
ፀጉሬን እየታጠብኩ ነበር። ስወጣ መብራቷ በርታለች። ከመቼ ጀምሮ?
እማዬ ከበራችን ደረጃ ሥር ወድቃ... አላለቀሰችም። «አዳለጠኝ» ብቻ።
የዳሌ አጥንቷ ተሰብሯል አሉን። እህቴ አንድ ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 19
ሐኪሙ፣ ልቧ ቀዶ ሕክምና አይችልም አለ። ይዘናት ወደ ቤት ተመለስን።
ከሆስፒታል የሸኘችን ነርስ ደግ ናት። «ጀርባዋ እንዳይቆስል በየሁለት ሰዓቱ አገላብጧት» አለችን። እስከ መቼ ብዬ ጠየቅኳት። አገላበጡን ደግማ አሳየችኝ።

ታኅሣሥ 9
ሥራዬን ለቀቅኩ። አለቃዬ «አስቢበት» አለኝ። ምኑን?
ሰሌዳዋን ከበሩ ነቀልኳት። እማዬ ከእንግዲህ የትም አትሄድም። ኮዱን ቀየርኩት፤ እንደ ስልክ የምትነዝር ትንሽ ሞተር ጨመርኩባት። አሁን ኪሴ ውስጥ ናት፤ የማገላበጫው ሰዓት ሲደርስ ትንቀጠቀጣለች።
ከሰዓት በኋላ ተንቀጠቀጠች። እማዬን በብብቷ ሥር ያዝኳት። ቀልላለች፤ አጥንቷ ይቆጠራል። ትክ ብላ አየችኝ።
«የማን ልጅ ነሽ?»
«ያንቺ።»
ትንሽ አሰበች።
«ታድዬ» አለች።
ቀስ ብዬ ወደ ግድግዳው አዞርኳት።