ውሃ የደረሰው ላይኛው ማሳ

ልጄ ባንተአምላክ፣ ማርያም ከነሚስትህ ከነልጅህ በጥላዋ ታኑርልኝ። እኛ ደህና ነን፤ ላሟም ወልዳለች።

በዚያ በሰው አገር ቦይ ላይ በጀልባ ስትሄዱ የላክኸውን ቪዲዮ አየነው። ከኋላችሁ ቦዩን የሚገድበው ትልቅ በር ተዘግቶ፣ ውሃው እየሞላ ጀልባዋን ወደ ላይ ሲያነሣት እኔ የማየው ትንሿን ሸጋዬን ነበር። ሁለተኛ ጠርዙ ላይ እንዳታስቀምጧት!

አባትህ ግን ያዩት በሩን ነው። የውሃ ተራችን ሲደርስ በመስኖው ቦይ ላይ የሳንቃ በር ሠርተው ዘጉበት። ውሃው ሞልቶ፣ ደርሶት የማያውቀው ላይኛው ማሳ ድረስ ወጣ። ያ ያንተ ድርሻ አይደል? ድንች ልትከልበት ብላቸው «ባለቤቱ መጥቶ ይትከልበት» ብለው እምቢ አሉኝ። በየተራችን ባዶውን መሬት ያጠጣሉ፤ ጎረቤት ይስቃል።

እግዜር መንገድህን ያቅናልህ ልጄ። እስክትመጣ ምን እንደሚዘራበት አንተው ንገራቸው፤ አለዚያ አረም ስናሳድግ ልንከርም ነው።

እናትህ አየለች