ሁለት ቦታ ነው ያለው

ታኅሣሥ 3
ማክሰኞ። እስከ አሥር ሰዓት መነጽር ቤት ሥራ ላይ። አንድ ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብለው የዐይን መመርመሪያ ሰሌዳውን ከትልቁ ፊደል እስከ ትንሿ አንብበው ወረዱት። «በጣም ጥሩ ያያሉ» ብላቸው «ኧረ አላይም፤ አምና በቃሌ ይዤው ነው» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ስስቅ ዋልኩ።
ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። እየተጎተተ ተነሳ… ከዚያ አንድ ድምፅ። ጧ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጧ። ጣሪያው የሚያንጠባጥብ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁ። ስክሪኑ ቀጥ ብሎ ቀረ። አጠፋሁት። ደክሞት ይሆናል… እኔም ደክሞኛል።

ታኅሣሥ 4
ዛሬም ጧ፣ ጧ። አጥፍቼ አበራሁት። አጥፍቼ አበራሁት። እንደ ድሮ ሬዲዮ ጎኑን መታ መታ ሁሉ አደረግኩት። በመጨረሻ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ መስመር ብቻ መጣ፤ ዲስኩ አልተገኘም ይላል።
ክው አልኩ። የወንድሜ ድምፅ እዚያ ውስጥ ነው።
እስቲ ልጻፈው። ለራሴ እንኳ አልዋሽ። ወንድሜ ጉሮሮውን ከመታከሙ በፊት ሐኪሙ «ትድናለህ፤ ድምፅህን ግን ታጣለህ» ብሎት ነበር። ሚስቱ ያኔ የአራት ወር ነፍሰ ጡር ነች። መስከረምን ሙሉ ከሥራ መልስ እኔ ቤት እየመጣ ለሚወለደው ልጅ ተረት ቀዳ። ከመጽሐፍ አይደለም፤ እዚያው ከአፉ እየፈጠረ። ፖስታ የምታድል ቀንድ አውጣ… ጥላውን ጎረቤት አውሶ የጠፋበት ዛፍ… ሃያ ስድስት ተረት። ያሳለበትንና የተሳሳተበትን እየቆረጥኩ ያጠራሁት እኔ ነኝ። ቦታ እንዳይዝ ብዬ ዋናውን ቅጂ አጠፋሁት።
ሆስፒታል የገባ ዕለት በሩ ላይ እጄን ይዞ «እትዬ፣ ሌላም ቦታ አስቀምጠሽዋል አይደል?» አለኝ። በድምፁ የጠየቀኝ የመጨረሻ ነገር ይኼ ነው። አፌን ሞልቼ «ሁለት ቦታ ነው ያለው፤ ሐሳብ አይግባህ» አልኩት።
ሁለት ቦታ ነበር። ሁለት ፎልደር። አንድ ኮምፒውተር ውስጥ።

ታኅሣሥ 5
ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ሰዓት ሠሪው ጋ ወሰድኩት። ሰው ሁሉ ሰዓቱን ስልኩ ላይ ማየት ሲጀምር ኮምፒውተር ጥገና የተማሩ አዛውንት ናቸው። ግድግዳው ላይ አሁንም የቆሙ ሰዓቶች ሞልተዋል፤ አንዱም ከሌላው አይስማማም። ዲስኩን አውጥተው ከራሳቸው ሽቦ ጋር አያያዙት፤ ጆሯቸውን አስጠግተው አንዴ ብቻ አዳመጡና ነቀሉት።
«ስንት ጊዜ አበራሽው?»
«ሁለት ሦስቴ።»
ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ።
«አሥራ አንድ» አልኩ።
«እንደሱ በይ። ውስጡ እንደ ዘፈን ሸክላ የሚሽከረከር ነገር አለ። የሚያነበው መርፌ ታሟል። ባበራሽው ቁጥር ይፍቀዋል። ኮፒ የለሽም?»
«አለኝ።»
«የት?»
ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ይጠርጉ ጀመር። በሸሚዝ አይጠረግም፣ ይጫጫራል ልላቸው ነበር… እኔ ብሎ መካሪ።
«የኔ ልጅ፣ መለዋወጫ ቁልፍሽን ሣጥኑ ውስጥ ከተሽ ሣጥኑን ቆለፍሽው» አሉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይሉ የለ። ተመንጥሬ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 9
ከሥራ ስወጣ ጎራ አልኩ። ዲስኩ ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል፤ ፊት ለፊቱ ትንሽ የአየር ማራገቢያ። ትንሽ ይነበባል፣ ከዚያ ያርፋል። «ደህናውን እየቀዳን የታመመውን እንዘለዋለን። ወደ ታመመው ኋላ እንመለሳለን» አሉኝ። እስካሁን የተቀዳው ሁለት በመቶ ነው።
«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»
«ጋሼ፣ ይሄኛው እኮ ተሰንጥቋል።»
ፈገግ አሉ መሰለኝ። በጢማቸው አይለይም።

ታኅሣሥ 15
እሑድ። ወንድሜ ቤት ምሳ። በንግግር ፈንታ የሚጽፍባትን ትንሽ ሰሌዳ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏታል፤ ሲጽፍ ምላሱን በከንፈሩ ጥግ ያወጣል፣ ልክ አንደኛ ክፍል እያለ እንደሚያደርገው። የሚስቱ ሆድ ገፍቷል። ሰሌዳውን አዞረልኝ። «መጀመሪያ የትኛውን እናሰማው?»
«ቀንድ አውጣዋን።»
«ፍላሽ ላይ አድርጊልኝ።»
«እሺ፣ በቅርቡ።»
ሚስቱ እሷም እስካሁን አንዱንም እንዳልሰማች ነገረችኝ። ከልጁ እኩል ነው የምሰማው ብላ ትታው ነው።

ታኅሣሥ 19
ሕልም አየሁ። ረጅም መተላለፊያ፣ ግራና ቀኝ በር ብቻ። ከአንዱ በር ኋላ ወንድሜ ያወራል። ድምፁ የራሱ ነው፣ ቃሉ ግን አይያዝም፤ ውሃ ውስጥ እንዳለ ሰው ነው የሚሰማው። በሩን ስከፍት ድምፁ ወደሚቀጥለው ይሸሻል። አልፈራሁም። እንዲያውም ደስ ይል ነበር… እየተከተልኩት ብኖር አይሰለቸኝም።
መነጽር ቤት አንዲት ሴትዮ ትንሿን መስመር እያየች «ጭጋግ ውስጥ ነው፤ ግን እዚያ እንዳለ አውቃለሁ» አለችኝ። ሌንሱን ቀየርኩላት። «አሁን?» «አሁን መጣ።» ለእኔስ ማን ይቀይርልኝ?

ታኅሣሥ 28
አርባ አንድ በመቶ። የወጣውን አሳዩኝ። ልገዛው አስቤ የተውኩት ጫማ ፎቶ። የሥራ ማመልከቻዬ፣ በአራት ዓይነት ስሕተት። የጎረቤት ድመት ስታዛጋ፣ ዘጠኝ ፎቶ። ይኼ ዲስክ የሚጥለውን አያውቅ፣ የሚይዘውን አያውቅ።
ተረቶቹ የሉም።

ጥር 5
ሰዓት ሠሪው ደወሉ። ደህናው አልቋል፤ የቀረው የታመመው ቦታ ብቻ ነው። ሁለቱም ፎልደሮች እዚያ ናቸው። በአንድ ቀን፣ አንዱን ከሌላው አስከትዬ ስለጻፍኳቸው ጎን ለጎን ነው የተኙት። ዲስኩ አንድ ሙከራ ቢችል ነው። ቢሳካ እሰየው፤ ካልተሳካ ያበቃለታል። አለዚያ ደግሞ እንዳለ ማስቀመጥ፤ ምናልባት አንድ ቀን የተሻለ መሣሪያ ያለው ሰው ይገኝ ይሆናል።
«እርስዎ የመሰለዎትን ያድርጉ» አልኳቸው።
«ድምፁ የማን ነው?»
«የወንድሜ።»
«እንግዲያው እሱን ጠይቂው።»

ጥር 6
ነገርኩት።
በመንገድ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር በሩ ላይ ጠፋኝ። ቆሜ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። አንድ ኮምፒውተር፣ ሁለት ፎልደር። ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ጻፈ፣ ሳላነበው አጠፋው። ደግሞ ጻፈ፣ ደግሞ አጠፋ። ሦስተኛውን አዞረልኝ።
«ጠይቄሽ ነበር።»
ተነሥቶ መኝታ ቤት ገባና በሩን ዘጋው። ቀስ አድርጎ ነው የዘጋው። ቢያላጋው ይሻለኝ ነበር። ሚስቱ እስከ ደረጃው ሸኘችኝ። «ጊዜ ስጪው» አለች፤ ዐይኗ ግን እኔን አላየኝም።

ጥር 8
ምንም።

ጥር 9
መልእክት ጻፍኩለት። አንብቦታል። መልስ የለም። የሱ ዝምታ አሁን ሁለት ዓይነት ሆነብኝ፤ ሐኪሙ ያመጣውና እኔ ያመጣሁት።

ጥር 11
ሰዓት ሠሪው ቤት ስደርስ ወንድሜ እዚያ ቆሟል። የነገርኩትን ይዞ፣ ጠይቆ ጠያይቆ፣ ብቻውን መጥቷል። እኔን አላየኝም። መዳፉን ዲስኩ ላይ ጋደም አድርጎ ብዙ ቆየ። የትኩሳት በሽተኛ ግንባር የሚዳብስ ነው የሚመስለው። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች ሁሉ ቆመዋል… ስንት ሰዓት እንደሆነ እንጃ።
ከዚያ ጻፈ። «ይሞክሩት። ልጄ የምትሰማው አሁን ነው። አንድ ቀን ማለት አልፈልግም።»
ልጄ የምትሰማው። ሴት መሆኗን ያወቅኩት እንደዚህ ነው።

ጥር 14
አለቀ። ከቀትር በኋላ አንድ ረጅም ጧ፣ ከዚያ ዝም። ሰዓት ሠሪው ሽቦውን ነቅለው እጃቸውን ታጠቡ። ከሃያ ስድስቱ አንድም አልወጣም። ቀንድ አውጣዋም፣ ዛፉም። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። ወንበር ሳቡልኝ።
ወንድሜ ቤት ሄጄ በራሴ አፍ ነገርኩት። በጽሑፍ አላደረግኩትም። ራሱን ነቀነቀ። አላለቀሰም፤ እኔ አለቀስኩ። ሻይ አፈላልኝ።

ጥር 16
ሰዓት ሠሪው ከደህናው ቦታ የወጣውን በሙሉ ፍላሽ ላይ አድርገው ሰጡኝ። የድመቷን ፎቶ ልጥል ስገባ ከታች አንድ ፎልደር አየሁ። «ቁርጥራጭ» ይላል።
ረስቼዋለሁ። ከተረቶቹ እየቆረጥኩ ያወጣሁትን ሁሉ እየወረወርኩ የምከትበት ነበር። ዛሬ አጠፋዋለሁ፣ ነገ አጠፋዋለሁ ስል የቀረ… በስንፍናዬ ተመስገን ያልኩት ገና ዛሬ ነው።
አሥራ አራት ደቂቃ። ሳሉ። ማስነጠሱ። «ቀንድ አውጣዋም ደብዳቤውን በእጇ… ቆይ፣ ቀንድ አውጣ እጅ አላት እንዴ?» የኔ ድምፅ ከሩቅ፣ «ድገመው!» «እትዬ፣ ማንቆርቆሪያው እየጮኸ ነው።» የኔ ድምፅ፣ «አንተ ተረትህን አውራ!» ሳቁ፤ መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ከዚያ እስኪያስለው ድረስ። እንዲህ እንደሚስቅ ረስቼው ነበር። በሦስት ወር ይረሳል እንዴ?
መጨረሻ ላይ አንዲት ቁራጭ አለች። ጉሮሮውን ይጠርጋል። ዝም ይላል። ከዚያ በቀስታ፣ «ልጄ… ስምህን ይሁን ስምሽን ገና አላውቅም።» በቃ፣ ይኼው ነው። ከተረቱ አይደለም ብዬ ቆርጬ የጣልኩት።
ሦስት ቅጂ አደረግኩት። አንዱ እኔ ቤት፣ አንዱ መነጽር ቤት መሳቢያዬ ውስጥ፣ አንዱ ሰዓት ሠሪው ጋ፣ ከሰዓት መለዋወጫዎቻቸው ጋር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ይጩኽ።

ጥር 20
አራተኛ ቅጂ አድርጌ ለወንድሜ ወስጄ ሰጠሁት። «ተረቱ አይደለም፤ የተጣለው ነው» አልኩት። ወዲያው አልሰማውም። ፍላሹን ሸሚዙ ኪስ አድርጎ ቁልፉን ዘጋ። «ከሚስቴ ጋር ቃል አለን። ልጃችን ስትወለድ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ከሥር፣ በትንሹ፣ «እሑድ ምሳ አትቅሪ።»

የካቲት 9
ትናንት ሕፃኗን ይዘው ከሆስፒታል ወደ ቤት ገቡ። ዛሬ ከሥራ መልስ ሄድኩ። ሕፃኗ አልጋው መሐል፣ ጡጫዋን ጨብጣ። ወንድሜ ማጫወቻውን ትራሱ አጠገብ አኖረና ከፈተው።
ሳሉ መጣ፤ ዐይኗን ጨፈነች። ማንቆርቆሪያው መጣ። የኔ «ድገመው!» ሲመጣ ደነገጠች፤ ወንድሜ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ያለ ድምፅ ሳቀብኝ። እናቷ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ዐይኗን ትጠርጋለች። ከዚያ ያቺ ዝምታ መጣች፣ ጉሮሮ መጥረጉ፣ «ልጄ… ስምህን ይሁን ስምሽን ገና አላውቅም።»
ማጫወቻውን አጠፋው። ሰሌዳውን ከአንገቱ አወለቀና ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ ስሟን ጻፈ። ትልቅ አድርጎ። ፊቷ ላይ ያዘላት፤ እሷ ግን የምታየው መስኮቱን ነው።
ወደ እኔ አዞረው። ከስሟ ሥር ሌላ መስመር ጨመረ።
«እትዬ፣ አንቺ አንብቢላት።»
አነበብኩላት። በጣቱ ሰሌዳውን መታ መታ አደረገ፣ ድገሚው ለማለት። ደገምኩላት።