ቲማቲም ጣሳ ውስጥ ያለው አበባ

ስመኝ፣

በደባርቅ ከተማ እንደ እኔ አበባ የሚያሳምር እጅ የለም! ቀጋውና የገብስ ዛላው ቲማቲም ጣሳ ውስጥ ከገቡ አምስት ቀናቸው፤ አንዱም አልጠወለገ።

ያለፈውን «የበግ መኖ» ብለሽ ጥለሽብኛል፤ አልረሳሁም። ዛሬ እናትሽ ከመካነ ብርሃን ሲመጡ ግን ጠረጴዛችን ባዶ አይሆንም።
እንዳትነኪው!

የዚያን ቀን የቧንቧ ውሃ ስለጠፋ ለአበባው ከአልጋሽ ሥር ካለው ሃይላንድ ነው የቀዳሁለት። ሳልጠይቅሽ...
ውሃ አይደል፣ እተካዋለሁ።

ወፍጮ ቤት ነኝ። ሽሮው ምድጃው ላይ ነው፣ አሙቂው።

ስንቅነሽ

ከወረቀቱ ግርጌ ስመኝ እንዲህ ብላ ጻፈችበት፦

«እጅሽ አይደለም፣ ጠበሉ ነው! እማየ ለሆድ ሕመሜ የላከችልኝ ጠበል! አሁን መጥታ ‹ጠጣሽው ወይ?› ስትለኝ ‹ገብሱ ጠጣው› ልበላት?»