ድንጋይ ተሸክሞ የሳቀ ዕለት

ከመካነ ሰላም፣ ጥቅምት 12

ይድረስ ለአማቴ፣ ለእማማ፤

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? የጉልበትዎ ሕመምስ ረገብ አለልዎ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደህና የሚያሰኝ ሥራ ግን አልሠራሁም። ይህን ወረቀት ልጅዎ ሰብሌ ታንብብልዎ፤ ወንድሟ ከቤት ሲወጣ ይሁን።

እማማ፣ ልጅዎን አለምነውን ፈትቼ ወደ ከላላ ከሰደድኩት ዓመት ሊሞላ ነው። ያኔ ጠባዩ ተበላሸ፣ ናቀኝ ብዬ ለሽማግሌ ስናገር እርስዎ አንገትዎን ደፍተው ነበር። ያ አንገትዎ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከሞተር የወደቀ ጊዜ ደሴ ሆስፒታል ሦስት ቀን ራሱን ስቶ ቆየ። ነቅቶ በስሜ ሲጠራኝ፣ ቁስሉም ሲደርቅ፣ ዳነ ብለን እልል አልን። በሦስት ወሩ መልሱት የሚለውን የሐኪም ወረቀት ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። የዳነ ሰው ምን ሊያደርግ ይመለሳል?

ከዚያ ወዲያ የሚያደርገው ሁሉ እኔን ለማናደድ ይመስለኝ ጀመር። ጠዋት የነገርኩትን ከሰዓት አልነገርሽኝም ይላል። ሽሮው አርሮ ቤቱ ሲሸት ዝም ብሎ ይበላል። አንድ ቀን በክርስትና ግብዣ ላይ አባቴን በሰው ፊት ሰደባቸው። ለዕርቅ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። ሽማግሌዎቹ ገና አውርድ ሳይሉት፣ ድንጋዩ አንገቱ ላይ እንዳለ፣ ሳቀ። እየተንፈቀፈቀ ሳቀ። አባቴ ተነሥተው ወጡ። ስንቱን የደም ዕርቅ የጨረሱት አቶ ዋለ እንኳ እንዲህ ያለ ንቀት አይቼ አላውቅም አሉ። በሳምንቱ የፍቺውን ወረቀት ፈረምኩ። ሲስቅ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፣ እማማ። አይቻለሁ፤ አይቼ ነው የፈረምኩት።

ባለፈው ወር ለሥራ ደሴ ስሄድ ያን የቀጠሮ ወረቀት ይዤ ሐኪሙን አገኘሁት። የጭንቅላቱን ፎቶ አውጥቶ ከግንባሩ በስተኋላ ያለውን ቦታ አሳየኝ። ሰው እንዲያ ሲወድቅ አንጎሉ ውስጥ ለውስጥ ከአጥንቱ ጋር ይላተማል አለኝ። የተጎዳው ቁጣንና ሳቅን የሚገታው ክፍል ነው፤ ሳቁ ሳያዝዘው የሚመጣ እንጂ ንቀት አይደለም አለኝ። የማሽተቻው ጅማትም እዚያው ተበጥሷል። እኔ ማሽተት የማይችለውን ሰው በሽሮ ተቀየምኩት።

እንደ ድሮው ይሆን እንደሆነ ጠየቅሁት። ሙሉ በሙሉ አይሆንም፤ ቶሎ ብትመልሱት ብዙ በተሻለው ነበር፤ አሁንም ግን የሚረዳው ነገር አለ ብሎኛል። ለኅዳር ቀጠሮ አስይዣለሁ። ከፈቀዱልኝ መጥቼ ልውሰደው። ለአባቴ ብነግራቸው እኔም አብሬሽ እመጣለሁ አሉኝ።

አንድ ያልነገርኩዎ ነገር አለ። ሞተሩ የጣለን ዕለት ከአቀስታ ስንመለስ ከኋላው ተቀምጬ እንደነበር ያውቃሉ። ጭረት እንኳ ሳይነካኝ እንዴት እንደተነሣሁ ሰው ሲጠይቀኝ የእግዚአብሔር ሥራ ነው እላለሁ፤ እርስዎም ያንኑ ብለው አቅፈው ስመውኛል። ሄልሜቱ አንድ ነበር፣ እማማ። ገና ሹሩባ መሠራቴ ነበርና ፀጉሬን ያበላሽብኛል ብዬ እምቢ ስለው፣ በግድ አጥልቆልኝ ማሰሪያውን በገዛ እጁ ቆለፈው።

ዕድሜና ጤና ይስጥዎ፤ ቤትዎን በረከት አይለየው። ደጅዎ ስደርስ የሚሉኝን ሁሉ ቆሜ እሰማለሁ።

የአለምነው ሚስት