የእሁዷ ላዛኛና የመሳቢያው ወረቀት

ጥር 3

መምህራችን «በየቀኑ ጻፉ፣ እጃችሁ እንዳይዝግ» ብላናለች። እሺ፣ ይኸው ጻፍኩ። የማታውን የፊደል ትምህርት ከጨረስነው አሥራ ዘጠኝ ሰዎች መሀል እንደኔ ቶሎ የሚያነብ የለም። ማን አለ ይኼን? እኔ። የሚክድ ካለ ይምጣ።

የፋብሪካው ምግብ ቤት እንደ ሁልጊዜው ነው። ሦስት ትሪ ላዛኛ ሠርቼ ሦስቱም ተጠረገ። መካኒኩ ሳህኑን በዳቦ እየወለወለ፣ «ጋሼ፣ ስትሞት እጅህን ተናዘዝልን» አለኝ። «ከነቅቤው ነው የምናዘዘው» አልኩት። ነጩ ሶስ ላይ ቅቤ ቆጥቤ አላውቅም።

ቤት ገብቼ የዘይቱን ጠርሙስ፣ የሳሙናውን ካርቶን፣ የክብሪቱን ሳይቀር አነበብኩ። ባለቤቴ «አንተ ሰውዬ፣ የሚነበብ ነገር ጨረስክብን እኮ» አለች። ገና ምኑ ተነካ... መሳቢያው አለ።

ጥር 5

እሁድ። እሷ እህቷ ጋ ሄዳለች። የኛው ላዛኛ ፎርኖ ውስጥ እያለ መሳቢያውን ከፈትኩ። ምነው እጄን በሰበረው።

የመብራት ወረቀት። የቤት ውል። ከሥር የክሊኒኩ ወረቀት፣ ነርሷ በእጇ የጻፈችው። የባለቤቴ ስም አለበት፤ ቀኑ የዛሬ ሁለት ዓመት። «ልብዎ ስለደከመ ቅቤ፣ የሰባ ሥጋ፣ ፎርማጆና ጨው የበዛበት ምግብ ፈጽሞ አይብሉ።» ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ፈጽሞ» የሚለው ሥር ሁለቴ ተሰምሮበታል።

ያኔ ያነበበችልኝ ራሷ ባለቤቴ ናት። «ምን ይላል?» ስላት፣ «ደም ማነስ ነው፣ በደንብ ትብላ ይላል።» በደንብ ትብላ! እኔ ጅሉ በዚያው እሁድ ፎርማጆውን እጥፍ አደረግኩት። ከዚያ ወዲህ ስንት እሁድ አለፈ? መቁጠር አልፈልግም...

ላዛኛው አረረ። ይረር።

ጥር 6

ከሥራ ስመለስ ወረቀቱን ሰጠኋት። «መነጽሬ ጠፋ፣ እስቲ አንብቢልኝ።»

አየችው። ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም። «ደም ማነስ... በደንብ ትብላ...»

ነጥቄ እኔው ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አንድ ፊደል ላይ አልተደናቀፍኩም። በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ አንብቤ አላውቅም፤ ግን ማን ያጨብጭብልኝ?

«ልትሞቺ ነበር እኮ! በኔ እጅ!»

«ትንሽ ትንሽ ነበር የምበላው።»

«ሳህኑን ትልሺ ነበር!»

ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አጠፈችና፣ «ምን ላድርግ ታዲያ? ፊርማህ አውራ ጣትህ ነበር። ባንክ በሄድን ቁጥር አንገትህን ትደፋለህ። ቀና የምትለው ያንን ትሪ ይዘህ ስትመጣ ብቻ ነው። እሱንም ልቀማህ?»

«መቀማት ነበረብሽ!»

አዘነችልኝ ማለት ነው። ለኔ! በዚህ ቁመቴ! በራሷ ልብ ላይ ፈርዳ ለኔ...

ጥር 7

አላናገርኳትም። እሷም።

ጥር 12

እሁድ። እያኮረፍኩም ቢሆን እሠራለሁ። ቅቤ የለ፣ ሥጋ የለ፣ ፎርማጆ የለ። ለኔ ይኼ ምን አላት? ከፓስታው ግማሹን ትቼ ዝኩኒ በስሱ ቆርጬ ደረደርኩ፤ በሥጋው ፋንታ እንጉዳይ። ፎርኖውን ስከፍት... ጎርፍ። ዝኩኒው ውሃውን ለቆታል፣ ፓስታው ይዋኛል። በጭልፋ አወጣሁላት።

ቀመሰች። «እሰይ! እጅህ ይባረክ፣ ይጣፍጣል!»

ሳህኑን ከፊቷ አነሳሁት። «ደግሞ ልትዋሺኝ! ይኼን ውሻ አይበላውም!»

«እና ምን ልበል?»

«ያለውን!»

በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ለካ ያለ ወቅቱ ዝናብ ነው። ጃንጥላ ስላልያዝኩ ወዲያው ተመለስኩ። እሷም አልሳቀችም፣ እኔም አልሳቅኩም።

ጥር 15

ዝኩኒውን አስቀድሞ በደረቅ መጥበሻ ማድረቅ። ነጩን ሶስ ያለ ቅቤ፦ ስቡ የወጣለት ወተት ቀዝቃዛ እያለ ዱቄቱን በጥብጦ ማፍላት። በጨው ፋንታ ነጭ ሽንኩርት። ከላይ የደቀቀ ደረቅ ዳቦ።

ይኼን ማንም አላስተማረኝም። ንዴት ነው ያስተማረኝ።

ጥር 19

ሁለተኛው ትሪ። ቆመ! ቢላዋ ሲገባበት ድርብርቡ አልተናደም። የላዩ ዳቦ ወርቅ መስሏል። እንዲህ የሚሠራ ካለ አሳዩኝ።

ቆረሰች። አኘከች... አኘከች... ወገቤን ይዤ አናቷ ላይ ቆምኩ።

«ልናገር?»

«ተናገሪ።»

«ኮምጥጧል።»

«ምን?»

«ቲማቲሙ ኮምጥጧል። ሶሱም ዱቄት ዱቄት ይላል። ዝኩኒው ጥሩ ነው።»

ደሜ ፈላ። ሠላሳ ዓመት ትሪዬን ደፍሮ የነቀፈ የለም! «አንቺ ስለ ሶስ ምን ታውቂያለሽ?»

«ተናገሪ ያልከኝ አንተ ነህ» ብላ ሳህኑን ገፋ አደረገችው። ግማሹን ተወች። ፊት ለፊቴ።

እሷ ዕቃ ስታጥብ የተወችውን ቀመስኩት። ኮምጥጧል። ዱቄቱም አልበሰለም።

አሁንም ተናድጃለሁ። ግን የዛሬው ንዴቴ ከቲማቲሙ ጋር ነው። ይኼን ስጽፍ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ አንገቷን አስግጋ እያንዳንዱን ቃል ታያለች። «ካሮት ፈቅፍቀህ ብትጨምርበት ያለዝበዋል» አለች። «እሱንም ጻፈው።»

ጻፍኩት።